ከደሴ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ፤ ጎብኚዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ ላሊበላ የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡን ሁሉ በአሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ላይ ጥሎ ይነሣል። ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን፣ በአንድ ሰፊ ዋሻ ውስጥ የሚገኘውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ግን «ጊዜ ከተረፈን እናየዋለን» ብሎ ለመጨረሻ ያቆየዋል። ጊዜ አይተርፍም፤ ቢተርፍም የሚተርፈው ዓይኑ በደከመና እግሩ በዛለ ሰው እጅ ነው። እኔ ከዘመድ፣ ከማኅበርተኛና ከሥራ ባልደረባ ጋር ወደዚያ ደጋግሜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያውን ጉዞዬን ከዚህ በታች ከምዘረዝራቸው ስህተቶች በአብዛኞቹ ስላበላሸሁት፣ የእኔው አገር ሰው ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር አቋርጦ በር ላይ ደርሶ ሳያይ እንዳይመለስ ከልቤ እመኛለሁ።

«ያው እንደ ላሊበላ ነው» ብሎ መሄድ

ይህ ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ነው፤ ምክንያቱም የሚያበላሸው ጉዞውን ሳይሆን ዓይንን ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሰው ይምርሐነ ክርስቶስም ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍሎ የወጣ ይመስለውና፣ ዋሻው ውስጥ ገብቶ የቆመ ቤት ሲያይ «ይኼማ የተገነባ ነው» ብሎ ቅር ይለዋል። በእርግጥም የተገነባ ነው፤ ክብሩም በዚያው ላይ ነው። ግንበኞቹ ዋሻውን አልፈለፈሉትም፤ ተፈጥሮ የሰጠቻቸውን ዋሻ እንደ ታላቅ ጣሪያ ተጠቅመው፣ ከሥሩ በእንጨትና በድንጋይ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን አቆሙበት። ግድግዳው አንድ ረድፍ ወፍራም አግዳሚ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከሩቅ ሲያዩት ጥቁርና ነጭ ጥለት የተጣለበት ሸማ ይመስላል።

ይህ አሠራር የአክሱም ዘመን የሕንጻ ጥበብ ነው። ከቤት ውጭ በዝናብና በፀሐይ፣ በምስጥና በእሳት ያለቀውን የእንጨትና የድንጋይ ሥራ እዚህ ቆሞ የምናየው ዋሻው ለብዙ መቶ ዓመታት ከልሎ ስላቆየው ነው። ላሊበላ ላይ በዐለት ተቀርጾ የምናየው መስኮትና የበር መቃን፣ አግዳሚ መስሎ የወጣው ድንጋይ ሁሉ፣ በእንጨት ይሠራ የነበረውን በድንጋይ የደገመ ነው። ስለዚህ ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው የላሊበላ ጠራቢዎች በልባቸው ይዘውት የነበረው ቤት ምን ይመስል እንደ ነበር ያያል። በትውፊቱም በዘመኑም ይህ ቤተ ክርስቲያን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ይቀድማል፤ ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ከቅዱስ ላሊበላ በፊት ከነገሡት የዛግዌ ነገሥታት አንዱ ናቸውና። እንዲያውም የሚቻለው ሰው ይህንን ዋሻ ከላሊበላ በፊት ቢያይ እመክራለሁ። እኔ በሦስተኛው ጉዞዬ እንዲሁ አድርጌ፣ በማግሥቱ ቤተ አማኑኤል ፊት ስቆም ውጫዊው ግድግዳ ላይ በረድፍ በረድፍ የተቀረጸው ነገር ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

መንገዱን በካርታ ብቻ መለካት

ከደሴ እስከ ወልዲያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ በኩል የሚያልፈውን ይህን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከወልዲያ በጋሸና ዞሮ እስከ ላሊበላ ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ድምሩ 300 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ብዙ ሰው በስልኩ ካርታ ተመልክቶ ጠዋት ተነሥቶ፣ ከሰዓት ዋሻውን አይቶ፣ ማታ ላሊበላ ማደር የሚቻል ይመስለዋል። አይቻልም ማለት ይቀላል። ከወልዲያ በኋላ ያለው ዳገትና ጠመዝማዛ ጊዜ ይበላል፤ ከላሊበላ ወደ ዋሻው የሚወስደው መንገድም እንደ ወቅቱ ሁኔታ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

በመጀመሪያው ጉዞዬ አሥራ ሁለት ሆነን አንድ ዶልፊን ተኮናተርን። ከባለ መኪናው ጋር ስንስማማ «ላሊበላና አካባቢው» አልን እንጂ ይምርሐነ ክርስቶስን በስም ጠርተን፣ ፒስታ መንገድ መኖሩንም አንስተን አልተነጋገርንም። እዚያ ከደረስን በኋላ ሹፌሩ ውሉ እስከ ከተማው ነው አለ፤ ብዙ ከተከራከርን በኋላ በተጨማሪ ሂሳብ ወሰደን፤ ነገር ግን በር ላይ የቆየነው አርባ ደቂቃ ብቻ ነው። ለሹፌሩም እፈርድለታለሁ፤ ጥፋቱ የእኛ ነበር። ውሉ ሲፈጸም የቦታውን ስም፣ የሚቆዩበትን ሰዓትና የመንገዱን ዓይነት መጥራት ይገባል። ትክክለኛው ዕቅድ የመጀመሪያውን ቀን ለመንገድ፣ ሁለተኛውን ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ለይምርሐነ ክርስቶስ ብቻ፣ ሦስተኛውን ለላሊበላ መስጠት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እጨምራለሁ። ካለፉት ዓመታት ወዲህ በክልላችን ያለው የጸጥታ ሁኔታ የአንድ ሳምንት ክፍት መንገድ በቀጣዩ ሳምንት እንዲዘጋ አድርጓል። ከመነሣት በፊት በዚያው ሳምንት ከወልዲያና ከላሊበላ የመጣ ሰው መጠየቅ፣ መንገዱ ካላስተማመነም ጉዞውን ማዘግየት የፈሪ ሥራ አይደለም። ዋሻው ይጠብቃል።

ቀኑንና ሰዓቱን ሳያጣሩ መነሣት

ይምርሐነ ክርስቶስ ሙዚየም አይደለም፤ ቅዳሴ የሚቀደስበት፣ ታቦት ያለበት፣ ካህናት የሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ በር የሚከፈተው በጎብኚ ሰዓት ሳይሆን በቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ነው። እሑድ ጠዋት የሄደ ሰው ቅዳሴው እስኪያልቅ ይጠብቃል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከቅዳሜና እሑድ በቀር ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው ለመጎብኘት ሳይሆን ለማስቀደስ መጥቷል ማለት ነው። ለማስቀደስ የመጣ እሰየው፤ ሥዕሎቹን ለማየት የመጣ ግን ጠዋት ይሂድ።

የንጉሡ ዓመታዊ በዓል ጥቅምት 19 ቀን ነው። በዚያን ዕለት የሚገኘው ሕዝብ፣ መዝሙሩና ዝማሬው ልብ የሚነካ ቢሆንም፣ የግድግዳውን ሥራ በጸጥታ ለማጤን አይመችም። የግሸንን የመስከረም 21 ንግሥ የሚያውቅ የደሴ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የገና ሰሞንም ላሊበላ ከተማው ራሱ ማደሪያ እስኪጠፋ ድረስ ይሞላል። በእኔ ፍርድ ለዚህ ዋሻ የሚስማማው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ክረምቱ የተወው አረንጓዴ ሳይጠፋና ጭቃው ሲደርቅ፣ በዓል በሌለበት መካከለኛ ቀን መሄድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ለፒስታው መንገድ አይመከሩም።

ለዳገቱና ለብርዱ ሳይዘጋጁ መምጣት

መኪናው ከቆመበት እስከ ዋሻው በጽድ ደን መካከል የሚወጣ የእግር መንገድ አለ፤ ለጤነኛ ሰው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የደሴ ሰው 2,500 ሜትር አካባቢ ኖሮ ስለለመደው ብዙም አይሰማውም፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው ከኮምቦልቻ የመጣ ሰው ግን ትንፋሽ ሲያጥረው ይደነግጣል። በደንብ ቀስ ማለትና በመካከል ማረፍ ይበቃል። አረጋውያንን ይዞ የሚሄድ ሰው ምርኩዝ አይርሳ። ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብም ያስፈልጋል፤ ውጭ ፀሐይ እየከረረች ዋሻው ውስጥ ይበርዳልና። ጫማ የሚወልቀው በር ላይ ስለሆነ ወፍራም ካልሲ መያዝ ይገባል፤ በምንጣፉ ላይ ቁንጫ ሊኖር ስለሚችል ካልሲው ለብርዱ ብቻ አይደለም።

ከፀሐይ ገብቶ ወዲያው ማየት መፈለግ

የዋሻው አፍ በቅርብ ዘመን በተሠራ ግንብ ስለተከለለ፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ትንሽ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጨለማው ይብሳል። ከደማቅ ፀሐይ የመጣ ዓይን ጨለማን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። አብዛኛው ጎብኚ ግን ገና ዓይኑ ሳይለምድ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ሥዕሉ ጠፍቷል፤ ምንም አይታይም» ብሎ ይወጣል። እኔም የመጀመሪያ ጊዜ እንዲሁ ብዬ ወጥቻለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ አዛውንት ካህን «ልጄ፣ ተቀመጥና ዝም በል፤ ራሱ ይመጣልሃል» አሉኝ። ቅኔ ማኅሌቱ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ባዶ መስሎኝ ከነበረው ግድግዳ ላይ ቀስ በቀስ ፊት፣ ዓይን፣ የልብስ እጥፋት ብቅ ማለት ጀመረ።

እነዚህ የግድግዳ ሥዕሎች በአገራችን እስከ ዛሬ ከተረፉት እጅግ ጥንታውያን መካከል ናቸው። ብዙው ደብዝዟል፤ በጥሩ ሁኔታ የቀረውም ትዕግሥት ይጠይቃል። በዚያ ላይ ሰው ልማዱ ሆኖ የሚያየው በቁመቱ ልክ ያለውን ነው። እዚህ ግን ዋናው ጌጥ ከራስ በላይ ነው። ጣሪያው በእንጨት ገበታ ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ገበታ በልዩ ልዩ ማዕዘን፣ በመስቀልና በተጠላለፈ ሐረግ የተጌጠ ነው፤ የእንስሳትና የአዕዋፍ ሥዕልም አለበት። የብራና መጽሐፍ ሐረግ የሚያውቅ ሰው የሚያውቀውን ወዳጅ ያገኘ ያህል ይደሰታል። ከመቅደሱ በላይ ያለውን የእንጨት ጉልላት ግን ከመጋረጃው ወዲህ ሆኖ ለማየት መሞከር እንጂ ወደ መቅደስ መጠጋት አይገባም። መስኮቶቹንም አንድ በአንድ፣ ከውስጥም ከውጭም ማየት ተገቢ ነው፤ በመስቀልና በሌሎች ቅርጾች የተፈለፈሉትን መስኮቶች ከውስጥ ሲያዩአቸው ብርሃኑ ራሱ ቅርጹን ይሥለዋል።

ባትሪ መያዝ ይፈቀዳል፤ አያያዙን ግን ብዙ ሰው ይስታል። መብራቱን ፊት ለፊት ወደ ሥዕሉ መወርወር ሥዕሉን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ከጎን አጋድሞ በሩቁ ማብራት ግን የእንጨቱን ቅርጽና የልስኑን እብጠት ሁሉ ያወጣዋል። ለአፍታ አብርቶ ማጥፋትም ለሥዕሉም ለሌላው ሰው ዓይንም ይበጃል።

መንካት፣ ጧፍ ማስጠጋት፣ ፍላሽ መተኮስ

ወደ ቅዱስ ቦታ የሄደ ሰው ግድግዳውን መዳሰስና መሳለም ይፈልጋል፤ የመሳለም ፍቅሩን አከብራለሁ። ነገር ግን መሳለሚያው የበሩ መቃን ነው እንጂ ሥዕሉ አይደለም። ከእጅ የሚወጣ ላብና ቅባት በሥዕሉ ላይ ይቀራል፤ አቧራ ይይዝበታል፤ የላላውን ቀለምም በጣት ይዞ ይሄዳል። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢነካ ምንም አይደለም ማለት አይቻልም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሰው «እኔ አንድ ነኝ» ብሎ ይነካልና።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ጧፍ ነው። ይህ ሕንጻ ግማሹ እንጨት ነው፤ ጣሪያው ሙሉ በሙሉ እንጨት ነው፤ ዘመናት ያደረቁት እንጨት። ሥዕሉን ለማየት ብሎ ጧፍ አብርቶ ወደ ግድግዳ የሚያስጠጋ ሰው በአንድ እጁ ጥላሸት እየቀባ፣ በሌላው እሳት እየጋበዘ ነው። የጧፍ ቦታ ካህናቱ የሚያሳዩት ቦታ ብቻ ነው። ፍላሽም እንዲሁ አይገባም፤ ብርሃን በጥንታዊ ቀለም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚደመርና የማይመለስ ነው፤ ደግሞም በፍላሽ የተነሣ ፎቶ እዚያ ቦታ ላይ የሚያምረውን ያንን ድብዝዝታ ሁሉ ይገድለዋል። ፎቶ ከማንሣት በፊት ካህኑን መጠየቅ፣ ከተፈቀደም ስልኩን ግድግዳ ላይ ሳያስደግፉ በእጅ አጽንቶ ማንሣት ይሻላል።

ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው እኛ የደሴ ሰዎች ቅርስ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል በዓይናችን ስላየን ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ ባዶውን መደርደሪያ ያየ ሰው «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚለውን ቃል በቀላሉ አይናገርም።

የሚነገረውን ሁሉ ወይ ማፌዝ ወይ ሳይጠይቁ መድገም

ካህናቱ እንጨቱ ከግብፅ እንደመጣ፣ ሕንጻው ከሐይቅ ላይ እንደቆመ፣ ንጉሡም ክህነትን ከመንግሥት ጋር አስተባብረው እንደያዙ ይነግሩዎታል። አንዳንዱ ወጣት ጎብኚ ይህን ሲሰማ ፈገግ ብሎ ያልፋል፤ ሌላው ደግሞ ደሴ ተመልሶ የሰማውን ሁሉ በጥናት የተረጋገጠ አድርጎ ያወራል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ትውፊት በትውፊትነቱ ትልቅ ሀብት ነው፤ «ትውፊቱ እንዲህ ይላል» ብሎ ማውራት ለካህኑም ለታሪኩም ክብር መስጠት ነው። ከውጭ የተጻፈ ምስክር የሚፈልግ ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህንን የዋሻ ቤተ ክርስቲያን አይቶ እንደጻፈለት ማወቁ ይጠቅመዋል። የአካባቢውን አስጎብኚ መያዝና ክፍያውን በደረሰኝ ከፍሎ መግባትም የዚሁ አካል ነው፤ ብዙ ጥያቄ ያለው ሰው አስጎብኚውን ቀድሞ ይጠይቅ እንጂ በቅዳሴ ዝግጅት ላይ ያለውን ዲያቆን አያስቁም።

በዋሻው ጥግ ባሉት አፅሞች ላይ ግድ የለሽ መሆን

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ዋሻው ወደ ውስጥ በሚጠብበት በኩል፣ እጅግ ብዙ የሰው አፅም አለ። አንዳንዱ በሰሌን መሰል ነገር ተጠቅልሎ በገመድ እንደታሰረ ነው፤ የአንዳንዱ ቆዳ ደርቆ እስከ አሁን አለ። ትውፊቱ ከሩቅ አገር ሳይቀር ለበረከት መጥተው፣ በዚህ ለማረፍ የመረጡ ምእመናን ናቸው ይላል። የንጉሡም መቃብር በዚያው ዋሻ ውስጥ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ይገኛል።

እዚህ ላይ ያየሁት ጥፋት ብዙ ነው። ቆሞ ከራስ ቅል ጋር ፎቶ የሚነሣ፣ ለማየት ብሎ ሰሌኑን በእግሩ የሚገፋ፣ ልጁን ለማስፈራራት የሚጠቀምበት ሰው አይቻለሁ። እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ ቀባሪያቸው በክብር ያኖራቸው፣ ስማቸውን ባናውቅም የሰው ልጆች ናቸው። ልጅ ይዞ የሚሄድ ወላጅ ከመድረሱ በፊት፣ ገና በመንገድ ላይ፣ ምን እንደሚያይ ለልጁ በእርጋታ ቢነግረው ልጁ አይደነግጥም፤ አይቀልድምም።

ከደሴ የሚነሣ ቡድን ሁልጊዜ የተቀላቀለ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይሄዳል። «እኔ ሙስሊም ነኝ፤ እናንተ ግቡ፣ እኔ ከውጭ እጠብቃለሁ» የሚል ባልደረባ ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል፤ ይህም ያለ ጥያቄ የሚወሰድ ስህተት ነው። ከቅዳሴ ሰዓት ውጭ ጫማውን አውልቆ፣ በአክብሮት የገባን እንግዳ ካህናቱ ሲከለክሉ አላየሁም፤ መጠየቅ ብቻ ነው። ሴቶች ራሳቸውን በነጠላ ወይም በሻሽ መሸፈናቸው፣ ወንዶችም ኮፍያ ማውለቃቸው ለሁሉም አንድ ነው። በአንድ ጉዞ ላይ አብሮን የነበረ ሙስሊም የሥራ ባልደረባዬ አፅሞቹ ፊት ቆሞ በለሆሳስ «አላህ ይርሐማቸው» አለ። አጠገቡ የቆሙት ካህን ቀና ብለው አይተውት «አሜን» አሉ፤ ከዚያም ወደ ንጉሡ መቃብር ወሰዱንና ከሌላው ጊዜ ይልቅ ረዘም አድርገው አስረዱን።

ብዙ ዋሻ በአንድ ቀን መደራረብ

«ነአኩቶ ለአብንም በዚያው፣ አሸተን ማርያምንም በዚያው» የሚል ዕቅድ ይበዛል። ነአኩቶ ለአብ ራሱ በዋሻ ሥር ያለ፣ ከዐለቱ ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ በድንጋይ ገንዳ እየተጠራቀመ ጸበል የሚሆንበት ድንቅ ቦታ ነው፤ ለላሊበላም ቅርብ ስለሆነ ለሌላ ቀን ጠዋት ይበቃዋል። ሦስቱን በአንድ ቀን ያየ ሰው ማታ ሲጠየቅ የቱ ዋሻ ውሃ እንደነበረበት ያምታታል።

የያዙትን እዚያው ጥሎ መውረድ

ዋሻውን የከበበው የጽድ ደን የቤተ ክርስቲያኑ ይዞታ ነው፤ በዙሪያው ያለው ተራራ ሲራቆት ይህ የቀረው ቤተ ክርስቲያኑ ስለጠበቀው ነው። ሲወርዱ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቆሎና በሶ መብላት ደስ ይላል፤ እኛም ሁልጊዜ እናደርገዋለን። ነገር ግን ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስና ፌስታል በዳገቱ ግራና ቀኝ እየበዛ መጥቷል፤ እዚያ ቆሻሻ የሚሰበስብ መኪና አይመጣም። ከቅርንጫፉ ለመታሰቢያ መቁረጥ፣ ከዋሻው አፈር ወይም ከወደቀ እንጨት ስባሪ መውሰድም እንዲሁ መቅረት አለበት፤ ጸበልና እምነት የሚፈልግ ሰው ካህናቱን ጠይቆ ይቀበል። እኛ አሁን ከደሴ ስንነሣ አንድ ባዶ ማዳበሪያ በመኪናው እንይዛለን፤ ስንወርድ የራሳችንንም የሌላውንም እየለቀምን እንሞላዋለን።